አሮጌ ኡራል 4320፦ ከፍሪሲዮን እስከ ሞዞ

ሩሲያ ሠራሹ ባለ ስድስት ጎማ የጭነት መኪና ኡራል 4320 ጭነት አይፈራም። ብዙ ዘመን ሠርቶ ሻንሲው ቀጥ ያለ፣ ባሌስትራው ያልረገበ ኡራል ማግኘት ይቻላል። የሞተሩን ጉልበት ከካምቢዮው ወደ ጎማው የሚያደርሱት ክፍሎች ግን ሌላ ታሪክ አላቸው። እነሱን የሚያረጃቸው በርካሽ የሚስተካከሉ ሦስት ነገሮች ናቸው፦ እኩል ያልሆነ ጎማ፣ የተደፈነ መተንፈሻና ያለቀ የሞዞ (የጎማው እምብርት) ሲል፣ ማለትም አየርና ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው የጎማ ቀለበት። ስለዚህ አሮጌ ኡራል ለመግዛት ያሰበ ሰው ሞተሩን አስነስቶ ጭሱን ከማየቱ በፊት ተንበርክኮ ከሥሩ ይግባ። ከታች ያለው ግምገማ ከዚያ ስለሚታየው ነው።

መኪናው በሩሲያዋ ሚያስ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የተሠራ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ኡራል 375ዲ 180 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 7 ሊትር የቤንዚን ሞተር ነበረው፤ ለ4320 የካማዝ 740 ናፍጣ ሞተር ገባለት፣ ባለ 8 ሲሊንደር ቪ፣ 10.85 ሊትር፣ 210 የፈረስ ጉልበት። የካማዝ የሞተር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1993 ከተቃጠለ ወዲህ የወጡት ደግሞ በብዛት የያሮስላቭል ሞተር የተገጠመላቸው ናቸው። የሶቪየት ጦር መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ በገፍ መግባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1977 መጨረሻ ስለሆነ በአገራችን የኡራል ስም ከሠራዊቱ ጋር ተያይዞ ቀርቷል።

ስለ አቀማመጡ ጥቂት እንበል፤ ብልሽቱ ሁሉ የሚፈታው ከዚህ ነው። ከሞተሩ ቀጥሎ ባለ ሁለት ዲስክ ደረቅ ፍሪሲዮን፣ ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ፣ ከዚያ በአጭር ካርዳን (ጉልበት አስተላላፊ ዘንግ) የተያያዘ ባለ ሁለት ፍጥነት ትራንስፈር፣ ማለትም ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ አክስሎች የሚያካፍል የማርሽ ሳጥን አለ። የትራንስፈሩ ምጣኔ (ወጪው ዘንግ አንድ ዙር እስኪዞር ገቢው የሚዞረው ብዛት) በቀላሉ ማርሽ 1.3፣ በሪዶታ፣ ማለትም በከባዱ ማርሽ፣ 2.15 ነው። በውስጡ የሚቆለፍ ዲፈረንሻል (ሁለት ወገኖች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅድ የማርሽ ስብስብ) ይዟል፤ ይህ ዲፈረንሻል ጉልበቱን አንድ ሦስተኛ ለፊት አክስል፣ ሁለት ሦስተኛ ለኋላዎቹ ሁለት አክስሎች ያካፍላል። የፊት አክስሉ ሁልጊዜ እንደተገናኘ ነው፤ የሚገባና የሚወጣ አይደለም። አንደኛ ማርሽ 5.61፣ ሪዶታው 2.15፣ አክስሉ 7.32፤ ሦስቱ ሲባዙ ጎማው አንድ ዙር እስኪዞር ሞተሩ 88 ጊዜ ይዞራል። የሞተሩ 65 ኪሎግራም ሜትር የማዞር ጉልበት በዚያ ልክ ተባዝቶ በስድስት ጎማ ሲከፋፈል ብረቱ ይችለዋል። ተቆልፎ በአንድ አክስል ላይ ብቻ ሲያርፍ ግን ከመሬቱና ከብረቱ አንዱ መሸነፉ አይቀርም። መሬቱ ጭቃ ከሆነ ጭቃው ይሸነፋል፤ አስፋልት ከሆነ ብረቱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በመካከለኛውና በኋለኛው አክስል መካከል ዲፈረንሻል የለም። ከትራንስፈሩ የመጣው ካርዳን መካከለኛው አክስል አናት ላይ ይገባል፣ ዘንጉ አክስሉን በስቶ በሌላው ወገን ይወጣል፣ በሌላ ካርዳን ተቀጥሎ ወደ ኋለኛው ይደርሳል። ሁለቱ አክስሎች በአንድ ብረት እንደታሰሩ ይዞራሉ ማለት ነው። መካከለኛው አሥር ዙር ሲዞር ኋለኛውም አሥር መዞር አለበት፤ ምርጫ የለውም።

እንግዲህ ስሌቱን እንሥራው። 14.00-20 የሆነው የኡራል ጎማ ወደ 1.26 ሜትር ዲያሜትር አለው፤ ዙሪያው ወደ 3.96 ሜትር ይሆናል። በመካከለኛው አክስል ላይ አዲስ ጎማ፣ በኋለኛው ላይ ጥርሱ 5 ሚሊሜትር የተበላ ጎማ ቢገጠም የራዲየሱ ልዩነት 0.8 በመቶ ገደማ ነው። በአንድ ኪሎሜትር 8 ሜትር ይሆናል፤ ሁለት የጎማ ዙር ማለት ነው፤ በ7.32 ሲባዛ በካርዳኑ ላይ ወደ 15 ዙር። ካርዳን 15 ዙር ሊጠመዘዝ ስለማይችል ጎማው አስፋልት ላይ መንሸራተት አለበት። ሊንሸራተት እስኪችል ድረስ ግን በሁለቱ አክስሎች መካከል ያለው ዘንግ፣ ክሮቼራው (የካርዳኑ መስቀል መገጣጠሚያ)፣ ኮሮናና ፒኞኑ (በአክስሉ ውስጥ ያሉት ትልቁና ትንሹ ጥርሳም ጥንድ)፣ ኩሽኔታዎቹ ሁሉ ተጨንቀው ይሄዳሉ። ይህ ያለ ምንም ጭነትም ይሆናል። ዕድሜውን በጭቃና በጠጠር ላይ ያሳለፈ ኡራል ከአስፋልት ኡራል የተሻለ አክስል ይዞ የሚገኘው ለዚህ ነው። ሻጩ «ጭቃ አይቶ አያውቅም፣ አስፋልት ላይ ብቻ ነው የሠራው» ቢላችሁ እንደ ምስጋና አትቁጠሩት፤ ይልቅ ከመካከለኛው ወደ ኋለኛው የሚሄደውን ካርዳን በደንብ እዩ።

መድኃኒቱ ሜትር ነው። ስድስቱንም ጎማ እኩል ንፉ፣ አንድ በአንድ በክሪክ አንሱ፣ በጥርሱ መሃል ላይ ሜትር አዙራችሁ ዙሪያውን ለኩና ጎማው ላይ በጠመኔ ጻፉት። እርስ በርስ የሚቀራረቡትን አራቱን ከኋላ፣ የቀሩትን ሁለቱን ከፊት ግጠሙ፤ በፊትና በኋላ መካከል ያለውን ልዩነት የትራንስፈሩ ዲፈረንሻል ስለሚችለው። አራት ተቀራራቢ ካልተገኘ የሁለቱ አክስሎች አማካይ እኩል እንዲሆን አካፍሏቸው፦ ለእያንዳንዱ አክስል አንድ የተበላና አንድ ያልተበላ። ይህኛው የአክስሎቹን ውስጣዊ ዲፈረንሻል ሁልጊዜ ስለሚያሠራ ጊዜያዊ መላ ነው፤ የሁለቱን አክስሎች ትግል ግን ያስቀረዋል። የተለያየ ፋብሪካ ጎማ ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ ስለሆነ ብቻ እኩል ነው ብሎ ማመን ትልቅ ስህተት ነው፤ ቁጥሩ አንድ ሆኖ ዙሪያው ሊለያይ ይችላል።

ከዚሁ የሚወለድ ሌላ አደጋ አለ፣ የባሰም ነው። የ375ዲ አክስል ምጣኔ 8.9 ነው። ከውጭ ሲታይ ከ4320ው ጋር ይመሳሰላል፣ ባሌስትራውም ላይ ይቀመጣል። አንድ የተሰበረ አክስል በ375ዲ አክስል የተተካበት መኪና አስፋልት ላይ ብዙ አይሄድም፤ ልዩነቱ 0.8 በመቶ ሳይሆን ከ20 በመቶ በላይ ነው። ሌላ ምጣኔ ያላቸው አክስሎችም ስለተሠሩ በዓይን መለየት አይቻልም። መቁጠር ግን ቀላል ነው። ካርዳኑን ከአክስሉ ፍቱ፣ አንዱን ጎማ ብቻ በክሪክ አንሱ፣ ሌላው መሬት ይዞ ይቅር፣ በታኮም ይጠበቅ። ፍላንጁን (ካርዳኑ የሚታሰርበትን የአክስሉን ክብ ጫፍ) በእጅ እያዞራችሁ የተነሣው ጎማ አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር ቁጠሩ። አንዱ ጎማ ስለቆመ ሌላው በእጥፍ ይዞራል፤ ስለዚህ የምታገኙት ቁጥር የምጣኔው ግማሽ ነው፦ 3.66 ከሆነ 7.32፣ 4.45 ከሆነ 8.9። ሦስቱም አክስሎች አንድ ቁጥር ካልሰጡ መኪናውን አትግዙት፤ ወይም የአክስሉን ዋጋ ከጠየቁት ላይ አስቀንሱ።

የኡራልን ጎማ ከካቢኔ ሆኖ መንፋትና ማስተንፈስ ይቻላል፤ ከ0.5 እስከ 3.2 ኪሎግራም በስኩዌር ሴንቲሜትር። ለአሸዋና ለረግረግ ድንቅ ነገር ነው፤ ዋጋ የሚያስከፍለው ደግሞ ሞዞው ላይ ነው። አየሩ በማይዞረው የአክስል ጫፍ ውስጥ አልፎ ወደሚዞረው ሞዞ የሚሻገረው በጎማ ሲሎች መካከል ነው። የፍሬን ታምቡሩ እዚያው አጠገብ ስለሚግል ሲሉ ይደርቃል፣ ከንፈሩ ይሰነጠቃል፣ አየር ያፈሳል። ከዚያ የሚሆነው ነገር በየቦታው ያው ነው፦ ሾፌሩ የዚያን ጎማ ቧንቧ ይዘጋዋል። የተዘጋው ጎማ ቀስ ብሎ ይቀንሳል፣ ከካቢኔ አይታይም፣ ራዲየሱ ያጥራል፣ ከላይ ያሰላነው ትግል ይጀምራል። የአንድ ሲል መድረቅ የክሮቼራ መሰበር የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ሲፈተሽ እንዲህ ነው። ጎማዎቹን ሙሉ ንፉ፣ የሁሉንም ጎማ ቧንቧ ዝጉ፣ ሞተሩን አጥፉ፤ ሌሊቱን ይደር። ጠዋት የቀነሰ ጎማ ካለ ችግሩ ከራሱ ከጎማው፣ ከከመነዳሪው ወይም ከቧንቧው መዝጊያ ነው። ሁሉም ከቆሙ አንድ በአንድ ክፈቱ፤ ሲከፈት ብቻ የሚቀንሰው ሞዞው ያፈሳል። በሞዞው ዙሪያ የሳሙና ውሃ ብታደርጉ አረፋው ቦታውን ያሳያችኋል። ሲሉን ስትቀይሩ ሲሉ የሚቀመጥበትን የአክስል ጫፍ በጥፍራችሁ ዳብሱት። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለው አዲሱም ሲል ብዙ አይቆይም፤ ቶርኖ ቤት ወስዶ ስስ ቀለበት ማልበስና ማለስለስ ያስፈልጋል። የሲሉ ከንፈሮች በየትኛው አቅጣጫ እንደነበሩ ሳታዩ አሮጌውን አታውጡ፤ ከገለበጣችሁት አየሩ ራሱ ከንፈሩን ገፍቶ ይከፍተዋል። ከመግጠም በፊት ከንፈሩን ግራሶ መቀባት ግዴታ ነው፤ ደረቅ ሲል በመጀመሪያው ጉዞ ይቃጠላል።

ሞዞው አንዴ ከተፈታ ኩሽኔታዎቹንም ማጠብና ማየት ነው። ዳዶውን ሞዞውን እያዞሩ ማጥበቅ፤ ሳይዞር የጠበቀ ኩሽኔታ በትክክል አይቀመጥም። ሞዞው ለመዞር ሲከብድ ጥቂት ማላላት፣ በእጅ ሲገፋ ነጻ ሆኖ የሚዞርበትና ሲወዘወዝ የማይላወስበት ቦታ ላይ መቆለፍ። ሃያ ደቂቃ ያህል ፍሬን ሳያበዙ ነድቶ ሞዞውን በእጅ መንካት ነው፤ እጅ የማያስቀምጥ ሙቀት ካለው ጠብቋል።

መተንፈሻ ትንሽ ክዳን ናት፤ በየአክስሉ፣ በትራንስፈሩና በካምቢዮው ላይ አለች። ኡራል 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው ወንዝ እንዲሻገር ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ይህ ግን መተንፈሻዎቹ እስከሠሩ ድረስ ነው። አክስሉ ሲሠራ ይግላል፣ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል። መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ አየሩ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በሲሉ በኩል ወደ ፍሬን ሸራው ይገፋዋል። የጋለው አክስል ወንዝ ሲገባ ደግሞ በድንገት ይበርዳል፣ አየሩ ይኮማተራል፣ በዚያው ሲል በኩል ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። በአንድ ምክንያት ሁለት ጉዳት። መተንፈሻውን ፈትቶ በናፍጣ አጥቦ በአየር መንፋት ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ወንዝ የሚያበዛ ሰው ከእያንዳንዱ መተንፈሻ ቦታ ቱቦ ቀጥሎ እስከ ሻንሲው በላይ ቢያወጣው ከማንኛውም ውድ ዘይት የበለጠ ይጠቅመዋል።

ሊገዛ የመጣ ሰው መኪናው ሌሊቱን ካደረ በኋላ፣ ሳይነሣ፣ የእያንዳንዱን አክስል የታችኛውን መክፈቻ በጥቂቱ ላላ አድርጎ ይመልከት። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃው ገብቶ ተፈጭቷል፤ ኩሽኔታው ዝገት ጀምሯል ማለት ነው። መክፈቻው ላይ የተጣበቀው የብረት ብናኝ እንደ አመድ ከላመ የተለመደ ነው፤ በጣት መሃል ቅርፊት ወይም ስባሪ ከተሰማ ግን አክስሉ መፈታት አለበት። ሻጩ ዘይቱን ትናንት ቀይሮት ከሆነ ይህ ፈተና አይሠራም። አዲስ ዘይት ያለበት፣ ከውጭ ግን አሮጌ ጭቃ የተጋገረበት አክስል ይጠርጠር።

ዘይቱን በተመለከተ የፋብሪካው ምርጫ ቴኤስፔ-15ካ የሚባለው ወፍራም የማርሽ ዘይት ነበር። በዛሬ አጠራር ከኤስኤኢ 90 ጋር የሚመጣጠን፣ ደረጃው ጂኤል-3 የሆነ ነው። በገበያ ላይ ካለው 80ደብልዩ-90 ጂኤል-4 ይተካዋል። ጂኤል-5 «ቁጥሩ ከፍ ስላለ ይሻላል» ተብሎ ካምቢዮ ውስጥ ሲጨመር ይታያል፤ አንመክርም። ጂኤል-5 ኮሮናና ፒኞኑ እርስ በርስ በኃይል ለሚፋተጉበት ዓይነት ጥርስ የታሰበ ነው፤ በውስጡ ያለው ማጠናከሪያ ኬሚካል የካምቢዮውን የነሐስ ቀለበቶች ሊበላ ይችላል። የኡራል አክስል ደግሞ ያን ዓይነት ጥርስ የለውም፤ ተራ ጠመዝማዛ ሾጣጣ ጥርስና ከሥሩ አንድ ጥንድ ክብ ማርሽ ነው፤ ጂኤል-4 ይበቃዋል። ለእያንዳንዱ አክስል ወደ 4.5 ሊትር፣ ለትራንስፈሩ ወደ 3.5 ሊትር ይገባል፤ ከካምቢዮው ጋር ሲደመር ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ስለማይበቃ አስቀድሞ መያዝ ይሻላል። ልኩን የሚወስነው የጎን መክፈቻው ነው፦ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ዘይቱ ከቀዳዳው አፍ ጋር ሲስተካከል በቃ። ትርፉ በመተንፈሻና በሲል ይወጣል። ሲጎድል ደግሞ መጀመሪያ የሚደርቀው አክስሉ አናት ላይ ያለው የፒኞን ኩሽኔታ ነው፤ እሱ ዘይት የሚያገኘው ከታች በሚረጨው ብቻ ነው።

ትራንስፈሩን እናመሰግነዋለን። ከባድ ነው፣ ያጉረመርማል፣ ግን ዘይቱ ካልጎደለ ረጅም ዕድሜ አለው። የሚያስቸግረው የኋላ መውጫው ሲል ነው፤ የእጅ ፍሬኑ ታምቡር እዚያው ላይ ስለተገጠመ ዘይት ሲያፈስ ሸራው ይርስና የእጅ ፍሬኑ ዳገት ላይ አይዝም። የእጅ ፍሬን አልያዘም ሲባል ገመዱንና ዘንጉን ከማጥበቅ በፊት ታምቡሩን ከፍቶ እርጥበት ማየት ይገባል። ቀላሉንና ሪዶታውን መለዋወጥ መኪናው ሲቆም ብቻ ነው። የዲፈረንሻሉን ቁልፍ በዝግታ ወይም ቆሞ ማስገባት ይቻላል፣ ጎማ ባዶውን እየዞረ ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ የቁልፉ ጥርሶች የሚቆረጡት ያኔ ነው። ጠንካራ መሬት ላይ ሲደረስ ቁልፉ ይውጣ። አልወጣም ካለ ማንሻውን በኃይል አትታገሉት፤ ዘንጎቹ ተጠምዝዘው ይዘውታልና ጥቂት ሜትር ቀጥ ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፣ ይለቃል።

ለመፈተሽ አስፋልት ላይ ቁልፉን አውጥታችሁ መሪውን እስከ መጨረሻ አጥፉና በዝግታ ዙሩ። መኪናው ከተንገታገተ ወይም ጎማው ከዘለለ ቁልፉ አልወጣም። ከዚያ ጠጠር ላይ ቆልፋችሁ ያንኑ ዙር ድገሙት፤ አሁን መክበድ አለበት። ልዩነት ካልተሰማ ቁልፉ እየገባ አይደለም።

ካርዳኖቹ አራት ናቸው። ታኮ ሳታደርጉ ከሥር አትግቡ፤ የልቅነት ፈተናው የሚሠራው የእጅ ፍሬኑ ተለቆ፣ ካምቢዮውም ማርሽ ሳይገባ ስለሆነ መኪናውን የሚይዘው ታኮው ብቻ ነው። ካርዳኑን በእጅ ወደ ላይና ወደ ታች ወዝውዙ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ ጠምዝዙ። ወደ ላይ መላወስ ክሮቼራው፣ በመጠምዘዝ መላወስ ደግሞ ጥርሳሙ ተንሸራታች ክፍል ወይም አክስሉ ራሱ ነው። በክሮቼራው ክዳን ዙሪያ ቀይ ዱቄት ካያችሁ መርፌዎቹ ደርቀው ዝገዋል፤ ባይላወስም ይቀየር። ከመፍታት በፊት ካርዳኑና ተንሸራታቹ ላይ የተቀረጹትን ቀስቶች ፈልጉ፤ ሲገጠም ፊት ለፊት መግጠም አለባቸው። ከሌሉ ራሳችሁ በፖንሳ ምልክት አድርጉ። አንድ ጥርስ ተዛንፎ የተገጠመ ካርዳን በእያንዳንዱ ዙር ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ እያለ ይንቀጠቀጣል፣ አዲሱን ክሮቼራም ቶሎ ይጨርሰዋል። አሮጌውን ክሮቼራ በፕሬስ አውጡት፤ ጆሮውን በማርቴሎ መምታት ቀዳዳውን ያጣምመዋል፣ አዲሱ ክዳንም ተጣምሞ ይገባል። ግራሶ ሲሰጥ በአራቱም ጫፍ እስኪወጣ ነው። ከሦስቱ ወጥቶ ከአራተኛው እምቢ ካለ ያ ጫፍ ደረቅ ነው፤ ይፈታና ቀዳዳው ይጠረግ።

የፊት አክስሉ መገጣጠሚያ እንደ ቤት መኪና ኳስ ያለው አይደለም። ሁለት ሹካ፣ ሁለት ቁርጥ ብረትና በመሃላቸው አንድ ዲስክ ነው። በጉልበት የሚያሳፍር አይደለም፤ ነገር ግን የሚሠራው በመንሸራተትና በመፋተግ ስለሆነ ግራሶ ካጣ ይግላል፣ ይቧጭራል። መገጣጠሚያውን ከውጭ የሚሸፍነውን ኳስ መሰል ቤት የሚጠርገው ሲል ሲያልቅ አሸዋና ውሃ ገብቶ ግራሶውን ወደ መፍጫ ዱቄት ይለውጠዋል። መሪ እስከ መጨረሻ ታጥፎ የሚሰማ ድብደባ ካለ ይከፈት። ሲከፈት ሁሉም አካል ታጥቦ ይታይ፤ ዲስኩ ላይ ሰማያዊ የቃጠሎ ቀለም ወይም የጠርዝ መበላት ካለ ቁርጥ ብረቶቹም አብረው ይቀየሩ። መሪ ሙሉ በሙሉ ታጥፎ፣ ዲፈረንሻሉ ተቆልፎ፣ በአንደኛ ሪዶታ ነዳጅ መርገጥ ይህን መገጣጠሚያ ለመስበር አጭሩ መንገድ ነው፤ ከጉድጓድ ለመውጣት መጀመሪያ መሪውን አቅኑ።

አክስል መክፈት የሚያስፈልግ ከሆነ ኮሮናና ፒኞን የሚሸጡት በጥንድ ነው፤ አንዱን ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፤ ጥርሶቹ አብረው የተፈጩ ናቸውና። የፒኞኑ ኩሽኔታ ጥበቃ የሚስተካከለው በሺም (በስስ የብረት ቅጠል) ነው፤ ፍላንጁ ላይ ገመድ ጠምጥሞ በስፕሪንግ ሚዛን ስቦ ለማዞር የሚያስፈልገውን ኃይል መለካት በእጅ ከመገመት ይሻላል። ከዚያ የኮሮናውን ጥቂት ጥርሶች ስስ የዘይት ቀለም ቀብታችሁ፣ ኮሮናውን በታኮ እንጨት ጫን አድርጋችሁ በሁለቱም አቅጣጫ አዙሩት። ንክኪው ከጥርሱ መሃል ትንሽ ወደ ጠባቡ ጫፍ ያዘነበለ መሆን አለበት። ወደ ሰፊው ጫፍ ከሸሸ ኮሮናውን ወደ ፒኞኑ አቅርቡት፤ ጠባቡ ጫፍ ላይ ከተጠራቀመ አርቁት። በጥርሱ አናት ላይ ከቀረ ፒኞኑ ወደ ኮሮናው ይግባ፤ ከሥሩ ከሆነ ይውጣ። አሮጌና የተላመደ ጥንድ ከሆነ ንክኪውን ለማሳመር ብላችሁ ቦታውን አትቀይሩ፤ ኩሽኔታውን ቀይራችሁ ጥርሶቹን በነበሩበት ሺም መልሱ። ተላምደው የተበሉ ጥርሶች ቦታ ሲቀየር መጮህ ይጀምራሉ።

ስለ ፍሪሲዮኑ የምንለው ጥቂት ነው፤ ችግሩ ሲመጣ ግልጽ ነው። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲጮህ መኪናው ፍጥነት ካልጨመረ ዲስኮቹ አልቀዋል። ሁለቱም ዲስክና መካከለኛው ሳህን አብረው ይታዩ፤ ሳህኑ ከተጣመመ ፔዳሉ ተረግጦም ማርሽ ይቧጭራል፣ ሰዎችም ካምቢዮውን ያማርራሉ። ካምቢዮው አንደኛና የኋላ ማርሽ ላይ ማመሳሰያ ስለሌለው ቆሞ ማስገባት እንጂ እየሄዱ ማስገደድ የለም። መኪናው ሲጎተት ትራንስፈሩ ከቀላሉም ከሪዶታውም ይውጣ፤ ሞተሩ ካልዞረ በካምቢዮው ውስጥ ዘይት የሚረጨው የታችኛው ዘንግ ስለማይዞር ረጅም መንገድ የተጎተተ ካምቢዮ በድርቀት ይያያዛል።

ከሌላው የሶቪየት የጭነት መኪና ከዚል 131 ጋር ለሚያወዳድሩ፦ ዚሉ ላይ የፊት አክስሉ በሌላ ጊዜ ዝም ብሎ ሪዶታ ሲገባ ራሱ በኤሌክትሪክና በአየር ይገናኛል። አስፋልት ለሚበዛበት ሥራ ይህ የፊት ጎማና የፊት መገጣጠሚያ ይቆጥባል። የኋላዎቹ ሁለት አክስሎች ግን እዚያም በአንድ የታሰሩ ናቸው፤ የጎማ ልኬቱ ነገር ለእሱም ይሠራል። ለከባድ ጭነትና ለመጥፎ መንገድ ኡራሉን እንመርጣለን።

መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ የሚሄድ ሰው «የኡራል ኩሽኔታ» ብሎ ከሚጠይቅ በቁጥር ቢጠይቅ ይሻላል። የሩሲያ ኩሽኔታ የራሱ ቁጥር አለው፣ በዓለም አቀፉ ቁጥር ደግሞ ተመሳሳዩ ይገኛል። ለምሳሌ 7516 የተባለው ሾጣጣ ኩሽኔታ 32216 ነው፦ የውስጡ ቀዳዳ 80፣ የውጭው 140 ሚሊሜትር። ቁጥሩ ከጠፋ ውስጡን፣ ውጩንና ውፍረቱን በካሊፐር ለክቶ መሄድ ነው። ለሲልም እንዲሁ ሦስት ልኬት ያስፈልጋል፦ የዘንጉ፣ የመቀመጫውና የውፍረቱ፤ ቢቻል አሮጌውን ይዞ መሄድ። ለክሮቼራ የክዳኑ ዲያሜትርና ከክዳን ጫፍ እስከ ክዳን ጫፍ ያለው ርዝመት ይበቃል፤ ሱቁ ውስጥ ክዳኑን አውጥታችሁ መርፌዎቹን ቁጠሩ፣ አንድ የጎደለው ካለ መልሱት። የኮሮናና ፒኞን ጥንድ ስትገዙ በሁለቱ ላይ የተቀረጸው የጥንድ ቁጥር አንድ መሆኑን እዩ፤ ካልሆነ ከሁለት መኪና የተሰበሰበ ነው። ጎማ ተፈትቶ ሲመለስ የቸርኬው ዳዶዎች በተቃራኒ ተራ፣ ከ40 እስከ 50 ኪሎግራም ሜትር ይጥበቁ፣ ከመጀመሪያው 100 ኪሎሜትር በኋላም አንድ ጊዜ እንደገና ይነኩ።